ሽታ የሌለው ጧፍ

ቀረብ ቀረብ በሉ። መብራቱ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም። ያለን ሻማ ይኸው አንድ ነው፤ እሱም እየተጋመሰ ነው። በር ጥግ ያለኸው ሰውዬ፣ አንተም ወደ ብርሃኑ ጠጋ በል እንጂ፤ እዚያ ይበርድሃል። እሺ። እንደ ወደድክ።

እኔ «ተረት ተረት» አልላችሁም፤ እናንተም «የላም በረት» አትበሉኝ። ላም የለበትም። በረትም የለበትም። ያለበት ሰም ነው።

ጊዜው ድሮ ነው። የመንደሯን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹ ዘመዶች አሁንም ይኖራሉ። ሰዓቱን ግን እነግራችኋለሁ። ከብት ገብቶ በር የሚዘጋበት፣ ሰው የሚያልፈውን ሰው በፊቱ ሳይሆን በድምፁ የሚለይበት ሰዓት ነው። መንገዱንም እነግራችኋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይነሣል፤ በመቃብሩ ሥር ያልፋል፤ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ በቀርከሃው መሀል ሾልኮ ወደ መንደር ይወጣል። ቀጭን ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም።

በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሄድ ነበር። ለምን ብቻውን? ሰው አጥቶ ነው? አይደለም። ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ሰውየው አንሙት ይባላል። ጧፍ ሠሪ ነው። ጥጡን ያከራል፤ ክሩን በችካልና በችካል መሀል ይወጥራል፤ የቀለጠውን ሰም በላዩ ያፈስሳል፤ ሲረጋ ያድበለብለዋል፤ ደግሞ ያፈስሳል። የአንሙት ጧፍ አንዱ ከሌላው በፀጉር አይበልጥም ይባል ነበር። ጠንቃቃ ነው። ሠርቶ ያያል፤ አይቶ ይጠራጠራል፤ ተጠራጥሮ ያፈርስና እንደገና ይሠራል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አይጥድም። ትልቁን ድስት ውሃ ሞልቶ ይጥዳል፤ ትንሹን የሰም ድስት በውሃው ውስጥ ያስቀምጣል። «ሰም እንደ ውሃ አይፈላም» ይላል። «ውሃ ሲፈላ ይነግርሃል። ሰም አይነግርህም። ዝም ብሎ ይግላል፣ ዝም ብሎ ይግላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይነሣል።» የሚያምነው አፍንጫውን ነበር። ሰሙ ከልኩ ሲያልፍ ሽታው ይለወጣል። አንሙት ከዓይኑ በፊት በአፍንጫው ያውቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ዘመን ከከተማ የመጣ ነጋዴ ነጭ ነገር ይዞ መጣ። እንደ አሞሌ ጨው ነጭ ነው፤ ሲዳስሱት ያሟልጫል። ፓራፊን ይባላል አለ ነጋዴው። ከንብ አይደለም፤ ላምባ ከሚወጣበት ከምድር ዘይት ነው አለ። መንደሩ ፓራፊን ማለት አልሆነለትም፤ «ነጭ ሰም» አለው።

አንሙት ነጭ ሰሙን ወደደው። ሰው አዲስ ልጅ እንደሚያጠና አጠናው። በሩ የሚጮህበት ሰው ሲመጣ ማጠፊያውን በነጭ ሰም ያሸለታል፤ በሩ ዝም ይላል። ጫማ ሰፊው ክሩን ይስብበታል፤ ክሩ በቆዳው ውስጥ ሳይቧጥጥ ያልፋል። የማር ገንቦ አፍ ይደፍንበታል፤ ጉንዳን አይገባም። የማጭድ ስለት ይቀባበታል፤ ማጭዱ ክረምቱን ሳይዝግ ይከርማል። አንዴ የቤተ ክርስቲያኑን ገበዝ አሮጌ ጃንጥላ በሙቅ ብረት እየተኮሰ ቀባው፤ ዝናቡ በላዩ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ውሃ አይገባውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ አይሻግትም። ደግሞ ምንም አይሸትም። ምንም።

ጎረቤቱ ጓንጉል የመንደሩ ቀልደኛ ነበር። ጠላ ቤት ተቀምጦ ምን ይላል? «አንሙት ሚስት ያላገባው ወድዶ መሰላችሁ? ካገባ እሷንም ማጠፊያዋን ፈልጎ በሰም ሊቀባት ነው። ይኸን ሰምተው ሸሹት።»

ገበዙ ግን አልሳቀም። ጃንጥላውን አመስግኖ ተቀበለና እንዲህ አለው፦ «ይኸ ነጭህ ለበር፣ ለመርፌ፣ ለማጭድ ይሁን። መቅደስ ግን የንብ ነው። ደክማ፣ አበባ ለቅማ ያመጣችውን ነው የምናበራው። አንድ ቀን ጧፍህን አሽትቼ ማር ማር ካላለኝ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

አንሙት ከዚህ ሥራ ሌላ ምን ነበረው? ሚስት የለው፤ ልጅ የለው፤ መሬቱ ድንጋይ ነው። ጧፍ ሠሪነቱን ከወሰዱበት አንሙት ማን ነው? ይህን እያሰበ አደረ።

ከዚያ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። አበባ ጠፋ። ንብ ቀፎውን እየጣለ ተሰደደ። ሰም እንደ መድኃኒት ተፈለገ። የኅዳሩ ንግሥ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ለንግሡ የሚበቃ ጧፍ የሚጠበቀው ከአንሙት ነው።

በዚያው ዓመት እማማ ጠጄ የምትባል አሮጊት ልጇ ሞተባት። ምናሉ ይባላል። አንድ ልጇ ነው። ንብ አናቢ ነበር፤ ቀፎ ሊሰቅል ከዋንዛ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ያ ዋንዛ የቆመው ጦስኝ በበቀለበት ዳገት ራስ ላይ ነው። የምናሉ ንቦች ከጦስኝ አበባ ስለሚቀስሙ ማሩም ሰሙም ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ገበያ ላይ ዓይነ ስውሩ እንኳ «ይኸ የምናሉ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር።

የሌላው ሰው ንብ ሁሉ ሲሰደድ ምናሉ ቀድሞ የሰቀላት አንዲት ቀፎ ግን ንቧ አልተሰደደም። እማማ ጠጄ አስቆረጠቻት። ሰፈፉን በእጇ ቀቀለች፤ በነጠላዋ አጠለለች፤ የሰሙን እንክብል ይዛ ወደ አንሙት መጣች።

«ይኸ የምናሉ ነው፣ አንሙቴ» አለችው። «ማሩን ለነዳያን ሰጠሁት። ሰሙን ጧፍ አርግልኝ። ለአርባው ይዤው እቆማለሁ። ሲነድ ጦስኝ ጦስኝ ሲለኝ፣ መጣ እላለሁ።»

አንሙት እንክብሉን ተቀበለ። ከባድ ነው። በዚያ ዓመት ያን የሚያህል ሰም አላየም። ሽታው ቤቱን ሞላው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱ። በሌላው ሰው ጥፋት ላይ ሁላችንም ጻድቅ ነን።

አንሙት ያደረገውን እነግራችኋለሁ። ተቀምጦ አሰበ። ሥርዓት ያለው ሰው ስለሆነ በሥርዓት አሰበ። የንግሡን ጧፍ ገበዙ ያሸተዋል። የድሀዋን ጧፍ ማን ያሸተዋል? የንግሡ ከጎደለ ሥራው ይሄዳል። የድሀዋ ቢለወጥ ማን ያውቃል? ነጭ ሰም አቀለጠ። እርድ ጨመረበት፤ ቢጫ ሆነ። ጧፉን ከሁሉ አሳምሮ ሠራው። ተመልሶ አየው፤ አልተጠራጠረም። በሕይወቱ ያልተጠራጠረው ይህን ብቻ ነው።

በማግስቱ እማማ ጠጄ መጥታ ጧፉን ተቀበለች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አሸተተች። ገልብጣ አሸተተች።

«አንሙቴ፣ አይሸተኝም» አለች።

አንሙት ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነበር። ያኔ እውነቱን ቢናገር ምን ይሆን ነበር? ትሰድበው ነበር። ታለቅስ ነበር። ሰሟን ይዛ ትሄድ ነበር። ከዚህ የሚብስ አይመጣም ነበር።

«ሐዘን ነው፣ እማማ» አላት። «ልቅሶ አፍንጫ ያደነዝዛል። ጧፉስ ይሸታል። የደነዘዘው የእርስዎ አፍንጫ ነው።»

አመነችው። ለምን አታምነው? ሰምን ከሱ በላይ ማን ያውቃል?

ነጭ ሰሙን አትውቀሱት። ነጭ ሰም አይዋሽም። ሽታ የለኝም ይላል፤ የለውም። የሚዋሽ ሰው ነው።

አርባው በውርጭ ማለዳ ዋለ። ያን ቀን ሣሩ ነጥቶ ነበር ይላሉ። ሕዝቡ ቆመ። እማማ ጠጄ ጧፏን ይዛ ከፊት ቆመች። አሁን ስሙኝ። የንብ ሰም ብርድ ቢያገኘውም ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ነጭ ሰም ብርድ ሲመታው እንደ ቀጭን በረዶ ይሆናል። ልታበራው ዘንበል ስታደርገው «ቀጭ» አለ። ጧፉ መሀል ለመሀል ተሰበረና በክሩ ተንጠለጠለ።

በዚያ አገር የሙታን ጧፍ በአርባው ቀን ከተሰበረ ምን ማለት ነው? የሟቹ መንገድ ተቆርጧል ማለት ነው። ነፍሱ አልገባችም ማለት ነው። አንዷ ሴት ለሌላዋ ሹክ አለች። ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ። ቅዳሴው ሳያልቅ ምናሉ ሌባ ሆነ፤ የሰው ቀፎ ቆራጭ ሆነ፤ እግዚአብሔር ያወቀበት ሆነ። ከዋንዛ የወደቀውም ለካ በከንቱ አይደለም ተባለ።

አንሙት ከኋላ ቆሞ ነበር። ለምን እንደተሰበረ የሚያውቅ ከዚያ ሕዝብ መሀል እሱ ብቻ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ብርድ ነው፣ ሰሙ ነው፣ እኔ ነኝ። ከነዚህ አንዷ ትበቃ ነበር። አላወጣትም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ጠጄ ከቤቱ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ቅቤው ይሸተኛል፣ አንሙቴ። ጭሱም ይሸተኛል። የበጉ በረት እንኳ ይሸተኛል። ልጄ ብቻ አይሸተኝም» አለችው። «ደግሞ ጧፉ ተሰበረ። ተቀይሞኝ ይሆን? አትውጣ ብዬው ነበር ያን ቀን። ተቆጥቼው ነበር። በዚያ ተቀይሞኝ ይሆን?»

አንሙት «እግዜር ያውቃል» አላት። እግዜርስ ያውቃል። የሚያውቀው ግን እሱም ነበር።

አሁን ደግሞ መራራውን ስሙ። ንግሡ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ስለት የነበረበት የማዶ አገር ሰው በበቅሎ ጭኖ የንብ ሰም አስገባ። ለንግሡ በቃ፤ ተረፈ። የእማማ ጠጄ እንክብል ሳይነካ ቀረ። ሰረቀ፤ አልተጠቀመበትም። እንክብሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጣሪያው ማገር ላይ ሸጎጠው። ለሰማንያው እውነተኛውን እሠራላታለሁ አለ። ሰማንያው ሲደርስ አሰበ፤ አሁን ጦስኝ የሚሸት ጧፍ ብሰጣት የፊተኛውስ ምን ነበር ትለኛለች። ተወው። ለሙት ዓመቱ አለ።

እማማ ጠጄ ለሙት ዓመቱ አልደረሰችም። ማታ ማታ ያን የተሰበረ ጧፍ ይዛ በዚያ ቀጭን መንገድ ወደ ልጇ መቃብር ትሄድ ነበር። ያገኘችውን ሰው ሁሉ «እስቲ አሽትትልኝ» ትል ነበር። ሰው አንገቱን ሰብሮ ያልፋታል። መንገዱ የተቆረጠበትን ሰው ጧፍ ማን ያሸታል? በሐምሌ አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ቀርከሃው ሥር ሞታ አገኟት። ጧፉ በእጇ ነው። ጣቷን ማላቀቅ አልቻሉም፤ አብረው ቀበሩት። አስቡት። አፈር እሷን ይበላታል። ጧፉን አይበላውም። ውሃ አይገባውም፣ ምስጥ አይነካውም። እሷ ትፈርሳለች፤ ውሸቱ እንደ ተሠራ ይቀመጣል።

መስከረም ጠባ። አንሙት ጧፍ አድርሶ፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት ይመለስ ነበር። ከፊቱ ከሸለቆው በኩል ብርሃን አየ። ትንሽ ናት። የዚያን ቀን ነፋስ ነበር፤ ቀርከሃው ይተኛና ይነሣ ነበር። ብርሃኗ አልተወዛወዘችም። ሰው ይሆናል አለ። «ማነህ?» አለ። ሲደርስ ማንም የለም። ከድንጋዩ ላይ አንድ ቢጫ ጠብታ ሰም ረግቷል። ቧጨረው። አሸተተው። ምንም አይሸትም።

ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። በነጭ ሰም የቀባው በር ነው፤ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። የዚያን ምሽት ምነው በጮኸ አለ። ለምን? ሲከፈትም አይሰማማ።

ሌላ ቀን ደግሞ ተመለሰ። በዚህኛው ቀን ብርሃን አልነበረም። ከኋላው ግን የሆነ ነገር ይሰማል። የእግር ኮቴ ነው? አይደለም። ትንፋሽ ነው? ትንፋሽስ ነው፤ ወደ ውስጥ ብቻ የሚገባ ትንፋሽ። አንድ ነገር ከኋላው ያነፈንፋል። ውሻ ዱካ ሲፈልግ እንደሚያነፈንፈው። ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ያነፈንፋል። ጋቢውን ያነፈንፋል፤ ማጅራቱን ያነፈንፋል። አንሙት አልዞረም። እናንተ ትዞሩ ነበር?

በሦስተኛው ጊዜ ወደ ጓንጉል ሄደ። ዛሬ ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አብረኸኝ ብትሆን አለው። ጓንጉል ሳቀበት። «ምነው፣ በሰም ያልተቀባ ጅብ አየህ?» አለው። ኋላ ግን ፊቱን አየና ሳቁን ተወ። እመጣለሁ አለው። ብቻ ምን እንደምትፈራ ንገረኝና ዱላ ልያዝ ወይስ ጸበል አለው።

አንሙት አፉን ከፈተ። ምን እንደሚፈራ ሊናገር ነው። እሷን ነው የምፈራው ቢል፣ ለምን ይለዋል። ለምን ሲለው፣ እንክብሉ ይመጣል። አፉን ዘጋ። ተወው፣ ቀልድ ነው አለና ሄደ።

ለምን ብቻውን ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ይኸው። ሰው አጥቶ አይደለም። አብሮት ለሚሄድ ሰው መንገር የማይፈልገው እውነት ስለነበረው ነው።

የዚያን ቀን ጨረቃ የለችም። ቀርከሃው መሀል ሲደርስ መንገዱ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ነጠላዋ ጭቃ ነው። ጧፉ በእጇ ነው፤ መሀሉ ተሰብሮ በክሩ ተንጠልጥሏል፤ የተንጠለጠለው ጫፍ ቁልቁል ይነዳል። ነበልባሉ ግን ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ መሬት ነው የሚነደው። ፊቷን አላየውም። ቀና አላለችም።

«ማነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አንሙቴ ነህ? እሰይ። ሰው ሁሉ አልፎኝ ሄደ። አንተ ሰም ታውቃለህ» አለች፤ ጧፉን ዘረጋችለት። «እስቲ አሽትትልኝ።»

አጎነበሰ። አሸተተ። ምን ሊሸተው ነው? የሠራው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በር ተከፍቶለት ነበር። ሞታም መጥታ ጠየቀችው። «አይሸትም፣ እማማ፤ አፍንጫዎ ጤነኛ ነበር፤ ልጅዎ አልተቀየመዎትም፤ የለወጥኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበር። አላየም ሰው፤ አልሰማም ገበዝ። ከጨለማና ከእሷ በቀር ማንም የለም። አንዳንድ ሰው ግን አንዴ የዋሸውን ውሸት እንደ ርስት ይጠብቀዋል።

«ይሸታል፣ እማማ» አለ። «ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል።»

ጧፉን ወደ ራሷ መለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። ፊት ነበራት፤ ዓይን ነበራት፤ አፍ ነበራት። አፍንጫዋ ካለበት ቦታ ግን ልሙጥ ነበር። እንደ ረጋ ሰም ልሙጥ።

«እንግዲያ ያንተ ደኅና ነው» አለችው። «አውሰኝ።»

እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳበሰችው። መዳፏ ያሟልጫል። ይቀዘቅዛል። ከዚያ ብርሃኗ ጠፋች፤ እሷም የለችም።

አንሙት ቤቱ ደረሰ። ፊቱን ዳሰሰ። አፍንጫው ቦታው ላይ ነው። ተመስገን አለ። ጠዋት ተነሥቶ እሳት ሲያነድ ጭሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ አልሸተተውም። ሚጥሚጣ አሸተተ፤ አስነጠሰው፤ አልሸተተውም። ከማገሩ ላይ እንክብሉን አውርዶ ጨርቁን ፈታ፤ አፍንጫውን ሰሙ ላይ ተከለ። ምንም።

ለጓንጉል ማሽተት አቃተኝ አለው። ምክንያቱን አልነገረውም። ጓንጉል አጽናናው፤ ወጥ አረረ ብለህ የምትቆጣት ሚስት ስለሌለህ አትጎዳም አለው።

አሁን ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር። አንሙት የሰሙን ልክ የሚያውቀው በምን ነበር? ያው ነው። ኅዳር መጣ፤ ዳግመኛ ንግሥ ነው፤ ሌሊቱን ሲሠራ አመሸ። ለገንቦ መድፈኛና ለበር ማሻ ነጭ ሰምም ጥዶ ነበር ይላሉ። ትልቁ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ተነነ፤ አለቀ። የደረቀ ድስት ይሸታል፤ አልሸተተውም። ሰሙ ከልኩ አለፈ፤ አልሸተተውም። ድካም ጣለው፤ አንገቱን ደፍቶ አንቀላፋ። ሰም አይፈላም። ዝም ብሎ ጋለ፣ ዝም ብሎ ጋለ፣ በአንድ ጊዜ ተነሣ። በርግጎ ነቅቶ እንስራውን ውሃ ደፋበት ይላሉ። በሚነድ ሰም ላይ ውሃ አይደፋም። ይህን ለሰው ሲያስተምር የኖረው እሱ ነው። በድንጋጤ ረሳው። እሳቱ ጣሪያውን ያዘ። ጣሪያው ማገሩን ያዘ። ማገሩ ላይ ምን ነበር?

መንደሩ የነቃው በጩኸት አይደለም። በሩ እንኳ አልጮኸም። መንደሩን ያነቃው ሽታ ነው። ጦስኝ። ከዳር እስከ ዳር ጦስኝ። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ «ምናሉ መጣ?» አለ። ሮጠው ሲደርሱ ቤቱ፣ አንሙት ከውስጡ እንዳለ፣ እንደ አንድ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ገበዙ ቆሞ አሸተተ። ጓንጉል ቆሞ አሸተተ፤ ሲቀልደው የነበረው ቀልድ ሁሉ ጠፋው። የምናሉ ሰም ከአንሙት ማገር ላይ ምን ይሠራል? አንድ በአንድ ገባቸው። ጧፉ ለምን እንዳልሸተተ ገባቸው። ለምን እንደተሰበረም ገባቸው።

የእማማ ጠጄ አፍንጫ ጤነኛ እንደነበረ ያን ሌሊት አገር ሁሉ አወቀ። እሷ ግን ሳታውቀው ሞታለች። ምናሉም ሌባ እንዳልነበረ አወቁ። ስሙን ያጠፉት ሴቶች በመቃብሩ ላይ አለቀሱ። ምን ያደርግለታል?

እሷ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አልታየችም። ሽታው ደርሷት ይሆናል፤ እንዲያ ነው የምንለው። የሚታየው አንሙት ነው። ያ ሰም ነዶበት፣ ቀልጦበት፣ አብሮት ረግቷልና በሄደበት ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ሰው ሁሉ ይሸተዋል። ለሱ ብቻ አይሸተውም። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ሻማ በርቶ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ገብቶ ከዳር ይቀመጣል ይላሉ። ስለሱ ምን እንደሚባል ይሰማል። ወደ ሻማው ግን አይጠጋም። ለምን አይጠጋም? ሰም ነዋ። ይቀልጣል።

ስለዚህ ዛሬ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው የምትደብቁት ካለ እዚሁ አራግፉና ሂዱ። መንገድ ላይ «ምን ይሸታል?» የሚል ድምፅ ብትሰሙ እውነቱን ንገሩት፤ ውሸት አትጨምሩበት፤ የራሱ ይበቃዋል።

ጨርሻለሁ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ከዚህ በኋላ ዳቦ አይጥምም።

ቆይ። ይህ ሻማ የሱቅ ሻማ አይደለም? ነጭ ነው። የሱቅ ሻማ አይሸትም። እንጀራም አልተጋገረ፣ ወጥም አልተሠራ፣ በዚህ ሰፈር ጦስኝ አይበቅል። ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ላንቺ ሸተተሽ? ላንተስ? ለሁላችሁም?

አንተ በር ጥግ ያለኸው ሰውዬ። ከገባህ ጀምሮ ድምፅህን አልሰማንም። የቤቱ ባለቤት ማን እንዳመጣህ አያውቅም።

ላንተስ ምን ሸተተህ?